ከኋላ ለሚመጣው የሚበራ መብራት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ ስለ መኪና ጎማና ስለ ባትሪ አጠባበቅ ጥቂት ነገር ተናግረን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ወዳጆቻችን ባገኙን ጊዜ፤ «የቤተ ሰብ ገጽ ስለ መኪና ምን አገባው? ይህስ የመካኒክ ጉዳይ አይደለምን?» እያሉ በጨዋታ መልክ ወቅሰውናል። ወቀሳውን በደስታ ተቀብለነዋል፤ ነገር ግን አልተስማማንበትም። የቤት ጌታ የጣራውን ቆርቆሮ ክረምት ሳይገባ የሚያስመረምረው፤ እመቤትም የወጥ ቤትዋን ጢስ መውጫ የምታስጠርገው፤ ግንበኛ ወይም አናጢ ስለ ሆኑ አይደለም። በዚያ ጣራ ሥር የሚያድሩት ልጆቻቸው ስለ ሆኑ ነው። መኪናም ቤተ ሰቡን በሙሉ በአንድነት ይዞ በጨለማና በጉም ውስጥ የሚሄድ ትንሽ ቤት ነውና፤ ዛሬም በዚያው ነገር ላይ እንቆያለን።

የምንናገረው ስለ ኋላ መብራት ነው። የፊቱ መብራት ቢጠፋ መንገዱ ራሱ ይጨልማልና ነጂው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የኋላው ግን የተሠራው ለሌላ ሰው ዐይን ስለ ሆነ፤ ቢጠፋም ለነጂው የሚጐድልበት ነገር የለም፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው ይሄዳል፤ መንገዱም እንደ ወትሮው ይታያል። ጉድለቱን የሚያውቀው ከኋላ የሚመጣው እንግዳ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ነገሩ ከቀረበ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ እኔም ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፤ ለቡሄ በዓል፤ ባለቤቴን፤ አማቴንና የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ደብረ ሲና እሄድ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ዝናብ ስለ ጀመረና ቀኑም ስለ ደመነ መብራት አበራሁ። በዚያን ጊዜ የፊቱ መብራት ሲበራ፤ የፍጥነት መለኪያው ሰሌዳ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። አየሁት፤ «ነገ ይታያል» ብዬ አለፍሁት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉሙ እንደ ጥጥ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። እኔም እንደ ጥንቁቅ ነጂ፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፤ መኪናውን በሞተሩ እያስያዝሁ፤ ፍሬኑን ሳልነካ ቀስ ብዬ እወርድ ነበር። በልቤም በጥንቃቄዬ እመካ ነበር።

ድንገት ከኋላችን የጎማ ጩኸት ሰማን፤ መኪናችንም በታላቅ ብርሃን ተሞላ። አንድ የጭነት መኪና ከእኛ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፤ ጠርዙን ወደ ገደሉ በኩል አስጠግቶ ቆመ። ዳር ይዤ ቆምሁ፤ ነጂውም ወርዶ መጣ። ይቈጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ በትሕትና፤ «ጌታዬ፤ ከኋላ አንድም መብራት የለዎትም። እኔ ያየሁት መኪናዎን አይደለም፤ በመስታወቱ በኩል የእናታችንን ነጭ ነጠላ ነው» አለኝ። አማቴም ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመኪናዬ ሲሳፈሩ ነጠላቸውን አውልቀው በኋላው መስታወት በኩል በጥንቃቄ ይዘረጉታል፤ ቃል አይናገሩም፤ እኔም ተግሣጹን እረዳለሁ።

በማግሥቱ ደብረ ሲና ላይ መካኒክ ነገሩን በሩብ ሰዓት አገኘው። ምክንያቱን በዝርዝር የማስረዳው በብዙ መኪናዎች ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን በተከፈተና በተዘጋ ቊጥር በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ሽቦ አብሮ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። በዓመታት ብዛት የሽቦው ልብስ ተበልቶ መዳቡ ይገለጣል፤ መዳቡም የመኪናውን ብረት ሲነካ ኮረንቲው መንገዱን ስቶ ወደ ብረቱ ይፈስሳል፤ ቫልቮላውም ይቃጠላል። በእኔ መኪና ላይ የተበላው ሽቦ ለሰሌዳው ቊጥር መብራት የሚሄደው ነበር። በብዙዎቹ መኪናዎች ደግሞ የኋላው ቀይ መብራት፤ የሰሌዳው ቊጥር መብራትና የፍጥነት መለኪያው መብራት በአንድ ቫልቮላ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ የመለኪያው ሰሌዳ መጨለም ከኋላ የሆነውን ነገር ለነጂው የሚነግር መልእክተኛ ነበር፤ መልእክተኛውን ያልተቀበልሁት እኔ ነኝ። የፍሬኑ መብራት በሌላ ቫልቮላ ስለሚሄድ ደኅና ነበር፤ ሆኖም ፍሬኑን ሳልነካ በሞተር ስለ ወረድሁ እርሱም አልረዳኝም።

ይህ ብቻ አይደለም። ያው ቫልቮላ ከዐሥር ቀን በፊት ተቃጥሎ፤ ስሙን ልጠራው በማልፈልገው አንድ ጋራጅ አዲስ አስገብተውልኝ ነበር። ስለ ምን እንደ ተቃጠለ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ሒሳቡን ከፍዬ ስወጣ እኔም አልጠየቅሁም። ቫልቮላ ያለ ምክንያት አይቃጠልም፤ ሥራው ሽቦው ከሚችለው በላይ ኮረንቲ ሲመጣ አስቀድሞ ተቃጥሎ መኪናውን ከእሳት ማዳን ነው። አዲሱም ከተቃጠለ፤ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተበልቷል ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች በባለ 10 አምፔሩ ፈንታ ባለ 30 አምፔር ያስገባሉ፤ ከዚህም የባሰው የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልለው ይሰኩበታል። እንዲህ ያለው መኪና መብራቱ ይበራል፤ ቫልቮላው አልቃጠልም ስላለ ግን የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦውም የሚያልፈው ልጆች በሚቀመጡበት ወንበር ሥር ነው።

አሁን ከመኪናው ኋላ ቆመን እያንዳንዱን እንመልከት። በጨለማ ሁልጊዜ የሚበራው ቀይ መብራት በተራው አምፖል 5 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው ግን 21 ዋት ነው። በብዙ መኪናዎች ሁለቱ በአንድ አምፖል ውስጥ ይገኛሉ፤ አምፖሉን ወደ ብርሃን ብታነሡት ሁለት ቀጫጭን የብረት ክሮች ይታያሉ፤ አንዱ ለ5ቱ፤ ሌላው ለ21ዱ ነው። ከኋላ የሚመጣው ሰው «ይህ መኪና ይሄዳል» እና «ይህ መኪና ሊቆም ነው» የሚሉትን ሁለት ቃላት የሚለያቸው በዚህ የብርሃን ልዩነት ነው። ከእነዚህ ጋር ፍሬቻው፤ ወደ ኋላ ሲኬድ የሚበራው ነጭ መብራትና የሰሌዳውን ቊጥር የሚያሳየው ትንሽ ነጭ መብራት አሉ። አንጸባራቂውንም መርሳት አይገባም፤ እርሱ ኮረንቲ የማይፈልግ፤ የሌላውን መኪና ብርሃን መልሶ የሚልክ ቀይ መስታወት መሰል ነገር ነው። መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ እርሱ ይሠራል፤ በጭቃ ካልተሸፈነ። የእኔ በዚያ ቀን በጭቃ ተሸፍኖ ነበር።

ከአውሮፓ በመጡ መኪናዎች ላይ ደግሞ የጉም መብራት የሚባል ከኋላ የሚገኝ ብርቱ ቀይ መብራት አለ። ይህ በአንድ ወገን ብቻ ሲበራ አንዳንድ ሰው ሁለተኛው የተበላሸ ይመስለዋል፤ በብዙዎቹ ግን አንድ ብቻ ሆኖ በነጂው ወገን የተሠራ ነው። በጉም ውስጥ እጅግ ይጠቅማል፤ ጉሙ ካለፈ በኋላ ግን ሳያጠፉት የሚሄዱ ሰዎች ከኋላቸው ያለውን ነጂ ዐይን ያሳውራሉ፤ የፍሬኑንም መብራት ያስመስሉበታል። ጨዋ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጃንጥላውን እንደሚያጥፍ ሁሉ፤ ይህንም በጊዜው ማጥፋት ይገባል።

ቀይ ስለ ምን ተመረጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፤ ቀይ ከአውቶሞቢል በፊት በባቡር ሐዲድ የማስጠንቀቂያ ቀለም ሆኖ የቆየ ነው። ቀይ ብርሃን ጉምን ከሌላው ቀለም ይልቅ ይሰነጥቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የጉም ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ ይልቅ እጅግ ትላልቅ ስለ ሆኑ ቀለሞችን ሁሉ ከሞላ ጐደል እኩል ይበትናሉ። በጉም ውስጥ የሚጠቅመው የብርሃኑ ብርታትና የመስታወቱ ንጽሕና ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና ከተማ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፤ የኋላው መብራት ቀይ እንዲሆንና ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቢያንስ ከ300 ሜትር ርቀት እንዲታይ ያዝዛል።

እዚህ ደረጃ ላይ የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ባዩበት በ1900 ዓ.ም. ገደማ፤ በዓለም ያሉ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚያበሩት በዘይትና በጋዝ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1908 እስከ 1927 የተሠራው የታወቀው ፎርድ ሞዴል ቲ በመጀመሪያ ዘመኑ ከኋላው የነበረው አንድ የላምባ ፋኖስ ብቻ ነበር፤ ነጂው በክብሪት ይለኩሰዋል፤ ክሩንም እንደ ቤት ፋኖስ ያስተካክላል። እኛ ዛሬ አምፖሉን የማንመለከተው ምናልባት በክብሪት መለኮስ ስለ ቀረልን ይሆናል፤ ፋኖስ የሚለኩስ ሰው ግን ፋኖሱ መብራቱን ሳያይ አይሄድም ነበር።

በኋለኛው መስታወት መካከል ከፍ ብላ የምትታየው ሦስተኛዋ የፍሬን መብራትም የራስዋ ታሪክ አላት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ቮየቮድስኪ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከሦስት መቶ በሚበልጡ ታክሲዎች ኋላ፤ በመካከል፤ ፍሬን ሲያዝ የምታስጠነቅቅ ተጨማሪ መብራት አድርጎ ከሌሎች ታክሲዎች ጋር አስተያያቸው። ከኋላ የመገጨቱ አደጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከዚህና ከሌሎችም ፈተናዎች በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ማናቸውም አዲስ የቤት መኪና ይህችን መብራት እንዲይዝ አዘዘ። ሁሉም መኪና ካገኛት በኋላ ግን ጥቅሟ እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ የዚያው አገር የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት ከኋላ የመገጨትን አደጋ በ4.3 በመቶ እንደምትቀንስ ገለጠ። የሰው ዐይን አዲስ ነገርን ያከብራል፤ የለመደውን ግን ያቃልላል። ሆኖም በብዙ ሚሊዮን መኪናዎች መካከል ከመቶው አራቱ ትንሽ አይደለምና፤ ይህች መብራት በመኪናችሁ ላይ ከጠፋች «ሁለቱ ይበቃሉ» ብላችሁ አትተዉአት።

ስለ መለወጡ ነገር እንናገር። አምፖል መለወጥ የቤት ጌታ በእጁ ሊያደርገው የሚችል፤ ለጐልማሳ ልጅም ለማስተማር የሚመች ሥራ ነው። መብራቱንና ሞተሩን ካጠፋችሁ በኋላ አምፖሉ እስኪበርድ ጥቂት ጠብቁ። በአንዳንዱ መኪና መግቢያው ከዕቃ መጫኛው ውስጥ በኩል ነው፤ ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ የአምፖሉን መያዣ ጠምዝዞ ማውጣት ነው። በሌላው ደግሞ የመብራቱ ሙሉ ቤት በሁለት ወይም በሦስት ብሎን የታሰረ ስለ ሆነ በካቻቪቴ ወይም በቊልፍ ፈትቶ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መሳብ ያስፈልጋል። በኀይል የሚስብ ሰው የፕላስቲኩን ጥርስ ይሰብራል፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ ለዘለዓለም ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ክቡ አምፖል ወደ ውስጥ ተጫን ተደርጎ ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል።

የአምፖሉን እግር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁለት ክር ያለው አምፖል በጐኑ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጕጦች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ከፍ፤ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ይህ የተደረገው አምፖሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። አንዳንድ ቸኳይ ሰው አልገባ ሲለው በፒንሳ ይዞ ያስገባዋል፤ ያን ጊዜ የፍሬኑ ብርሃን ሁልጊዜ እየበራ፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ደካማው ይበራል፤ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ከመብራት መጥፋት የማይሻል ውሸት ነው። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በብረቱ ላይ የተጻፈውን ቊጥርና ዋት አስተያዩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያሉት የመለዋወጫ ነጋዴዎች አሮጌውን ሲያዩ ወዲያው ያውቁታል፤ በቃል የሚነገራቸው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዕቃ ያስመጣል። የአንዱ ወገን ከተቃጠለ የሌላውም ዕድሜው ተቀራራቢ ነውና ሁለቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ ብልኅነት ነው።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት መያዣውን ተመልከቱ። በክረምት ርጥበት ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ፤ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት። ይህን ነገር አቃልላችሁ እንዳታዩት የምንለምነው ስለዚህ ነው፤ አምፖል የሚደርሰው ኮረንቲ ጕልበቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ፤ ብርሃኑ የሚቀንሰው በ10 በመቶ ሳይሆን በ30 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ይበራል እኮ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ከሌላው ደብዝዞ የሚታይ ከሆነ ታሟል።

ከሕመሞቹ ሁሉ ሰውን የሚያደናግረው ግን መካኒኮች ማሳ የሚሉት፤ ማለት ኮረንቲው ሥራውን ከሠራ በኋላ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ሲበላሽ የሚመጣው ነው። የመመለሻው ሽቦ ሲላላ ወይም ሲዝግ፤ ኮረንቲው ሌላ መመለሻ ፍለጋ በጐረቤቱ አምፖል ክር ውስጥ ያልፋል። ያን ጊዜ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ፍሬቻ ሲሰጥ ቀዩ መብራት አብሮ ይጠቅሳል፤ አንዳንድ ጊዜም የፍሬኑ ሲበራ የኋላው ቀይ ይጠፋል። ባለቤቱ ጋኔን የገባበት ይመስለዋል፤ አምፖል በአምፖል ላይ ይገዛል። መድኀኒቱ ግን አንድ ብሎን ፈትቶ፤ ከሥሩ ያለውን ዝገት ጠርጎ፤ መልሶ አጥብቆ ማሰር ነው። በእኔ ግምት በቤት መኪና ላይ ከሚታዩት የኋላ መብራት ሕመሞች ብዙዎቹ በዚህች ብሎን የሚድኑ ናቸው።

ፍሬቻው ከወትሮው በፍጥነት ሲጠቅስ ከሰማችሁ፤ ከፊት ወይም ከኋላ አንዱ አምፖል ተቃጥሎአል ማለት ነው። ፍሬኑን ለቅቃችሁም የፍሬኑ መብራት አልጠፋ ካለ፤ በመርገጫው ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ተጣብቃለች። ይህ ሁለት ጕዳት አለው። የመጀመሪያው፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው መቼ እንደምትቆሙ ማወቅ አይችልም። ሁለተኛው፤ ሁለቱ አምፖሎች 42 ዋት ስለሚበሉ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ 3 ተኩል አምፔር ይወስዳሉ፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢሆን ከ13 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ማታ ደኅና የገባ መኪና ጧት ልጆች ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲሉ አልነሣም የሚለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚህ ዓመታት የሚመጡት መኪናዎች ኤል.ኢ.ዲ. በሚባሉ መብራቶች የተሠሩ ናቸው። ጥቅማቸው ታላቅ ነው። የተራው አምፖል ክር እስኪግል ድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤል.ኢ.ዲ. ግን በነካችሁት ቅጽበት ይበራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በጣርማ በር ከእኛ አንድ ክንድ ላይ የቆመውን መኪና ለማስታወስ ለሚችል ሰው 4 ሜትር ብዙ ነው። ጉዳታቸው ደግሞ ብዙዎቹ ከነቤታቸው ታሽገው ስለ ተሠሩ አንዲቱ ብልጭታ ስትሞት ሙሉውን መለወጥ ግድ ማድረጋቸው ነው፤ ዋጋውም ከአምፖል ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለተራ አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል የሚያስገቡ ሰዎችም አሉ። ከቀዩ ሽፋን በስተ ኋላ ነጩን ሳይሆን ቀዩን ኤል.ኢ.ዲ. ማግባት ይሻላል፤ የነጩ ብርሃን በቀይ ሽፋን ሲያልፍ አብዛኛው ይቀራልና ደክሞ ወይም ወደ ሮዝ አዘንብሎ ይወጣል። ኮረንቲ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነም ፍሬቻው አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይቻኰላል።

አዲስ መኪና ላላቸው አንባቢዎቻችን አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለን። በእነዚህ መኪናዎች ሞተሩ እንደ ተነሣ ከፊት በኩል የቀን መብራት በራሱ ይበራል፤ የመለኪያው ሰሌዳም ቀንና ሌሊት ያበራል። ነጂው ብርሃን ከፊቱ ስለሚያይ መብራት ያበራ ይመስለዋል፤ በብዙዎቹ ግን የኋላው አልበራም። ከተማ ውስጥ በመንገድ መብራት ሥር በምሽት ሲሄዱ የምናያቸው ኋላቸው የጨለመ ያማሩ መኪናዎች አብዛኞቹ አምፖላቸው የተቃጠለ አይደለም፤ ማብሪያውን ያልነኩ ናቸው። የእኔ አሮጌ መኪና ሰሌዳው በመጨለሙ ሊያስጠነቅቀኝ ሞክሮ ነበር፤ እነዚህ ግን ይህ ምልክት እንኳ የላቸውም።

የመብራቱን ሽፋን በተመለከተ፤ ክረምት ሲሆን በየዕለቱ በርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግን አሸዋው ፕላስቲኩን ይቧጥጠዋል። ከሥሩ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውሃ እንዲወጣባቸው የተሠሩ ናቸውና በጭቃ ሲደፈኑ በእንጨት ስንጥር ክፈቱአቸው፤ ውሃ ከውስጥ ተጠራቅሞ የሚታይ ከሆነ የጎማ ማሸጊያው ደርቋል ወይም ሽፋኑ ተሰንጥቋል። ሽፋኑ ተሰብሮ ነጭ ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ወደ እርሱ የሚመጣ መኪና ያየ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አዲስ እስኪገኝ ድረስ ለዚህ የተሠራውን ብርሃን አሳላፊ ቀይ ልጣፍ መለጠፍ ይገባል። በጥቁር ቀለም ሽፋኑን አጨልመው የሚሄዱትን ወጣቶች በተመለከተ ግን የምንለው የለንም፤ ለአባቶቻቸው እንተወዋለን።

መኪና በሌሊት ተበላሽቶ ሲቆምም የኋላው መብራት ሥራ አለው። አራቱን ፍሬቻዎች ማስጠቀስና አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከኋላ ራቅ አድርጎ ማቆም ይገባል። በአገራችን መንገዶች የዛፍ ቅርንጫፍና ድንጋይ ደርድሮ ማስጠንቀቅ የተለመደ ነው። ቅርንጫፉ ደግ ነው። ድንጋዩ ግን መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ በመንገዱ ላይ ሲቀር ያየን ስንት ጊዜ ነው! የደረደረው ሰው ሳያነሣው መሄዱ ከስርቆት አይሻልም።

አሁን በቤታችን የተለመደውን ሥርዓት ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ፤ ከራት በፊት፤ ባለቤቴ በነጂው ወንበር ተቀምጣ መብራቱን ታበራለች፤ ፍሬኑን ትረግጣለች፤ ግራውንና ቀኙን ፍሬቻ ትሰጣለች። ልጃችን ከመኪናው ኋላ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ የበራውን በየስሙ ትጠራለች። ወደ ኋላ የሚሄደውን ነጭ መብራት ለመመርመር ግን ልጅ ከኋላ አይቆምም፤ ያን ጊዜ እርስዋ ወደ ደጃፉ ትወጣለች፤ እኔ ከጐን ሆኜ አየዋለሁ። ብቻውን የሆነ ሰውም ቢሆን መኪናውን ከግንብ አጠገብ ኋላውን አዙሮ ቢያቆም፤ በመስታወቱ ውስጥ የቀዩን ብርሃን ነጸብራቅ በግንቡ ላይ ያያል። በጓንቲ ማስቀመጫው ውስጥ ሁለት አምፖልና በልካቸው የሆኑ ሦስት ቫልቮላዎች ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱም ጋር አንዲት ካቻቪቴ አለች።

ባለፈው ቅዳሜ አማቴ በበረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ልጅቱ፤ «የፍሬን ግራ በርቷል፤ የመካከሏ በርታለች፤ የፍሬን ቀኝ...» ብላ ዝም አለች። ቀጥላም፤ «አባባ፤ ቀኙ ከግራው ደብዝዟል» አለች። አማቴ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ነጠላቸውንም በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። እኔም ካቻቪቴውን ለማምጣት ተነሣሁ።